የራዲዮ ድምፅና የወሎ ተራሮች

በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት የመንግሥት ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው በነጋሪትና በዐዋጅ ነጋሪ አንደበት ነበር። ገበያ በሚውልበት ቀን ነጋሪት ይጐሰማል፤ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል፤ ዐዋጁ ይነገራል፤ በመጨረሻም «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ይባላል። ይህች አጭር ቃል ስትመረመር ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች። የነጋሪት ድምፅ የሚደርስበት ስፍራ ወሰን እንዳለው መንግሥት ራሱ ያውቅ ስለ ነበረ፥ ከወሰኑ ወዲያ ያለውን ሰው ለሰሚው በዐደራ ይሰጠው ነበር ማለት ነው።

ነጋሪት በራዲዮ ከተተካ እነሆ ብዙ ዘመን ሆነ። ይሁን እንጂ የድምፅ ወሰን ስፍራውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፥ በውጫሌና በውርጌሳ አልፎ ወደ መርሳና ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ ይህን በጆሮው ሊያረጋግጥ ይችላል። ሲነሣ ጥርት ብሎ ይሰማው የነበረ የኤፍ ኤም ጣቢያ ከአንዱ ዳገት ኋላ ይደክማል፤ ከሌላው ቍልቍለት ሲደርስ ይጠፋል፤ ጥቂት ሄዶ ደግሞ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ይሆናል» ይላል፤ ሌላው «ተዘግቶ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ከሰው ሰማሁት ብሎ አዲስ ቍጥር ይጠቅሳል። ወሬውም ከመኪናው ወርዶ ገበያ ይገባል።

ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን ስንመረምረው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። የድምፅ መድረስ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ሞገዱ ከሰሚው ጆሮ መድረሱ ነው፤ ሁለተኛው የሰሚው ጕዳይ ከሞገዱ ላይ መድረሱ ነው። ወልድያን፥ መርሳንና የሀብሩን ወረዳ የያዘው የሰሜን ወሎ ምድር ታሪክ እነዚህ ሁለቱ ሳይገናኙ ብዙ ዘመን እንደ ኖሩ ያስረዳናል። የዛሬውን ግምትና ወሬም ከዚሁ ታሪክ ለይተን ልንረዳው አንችልም።

ከሽቦ ወደ ሞገድ

ወሎ የመገናኛ መንገድ መሆኗ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ድረስ በኢጣልያውያን መሐንዲሶች የተዘረጋው የቴሌግራፍ መሥመር አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋር ሲያገናኝ፥ ወሬ በእግረኛ መልእክተኛ ስንት ቀን ይፈጅበት የነበረውን ጐዳና በደቂቃ የሚያልፍ ሆነ። ይህ ሥራ በተጀመረበት በ1894 ዓ.ም. ጉልዬልሞ ማርኮኒ ከእንግሊዝ አገር ያለ ሽቦ የተላከ ምልክት የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ መቀበሉ ለዓለም ተሰማ። ሽቦ በአገራችን ተራሮች ላይ ገና በሚሰቀልበት ጊዜ ሽቦ የማያስፈልገው መገናኛ በሌላው የዓለም ዳርቻ ተወልዶ ነበር።

ይህ አዲስ ጥበብ በማሠራጫ ጣቢያነት ወደ አገራችን የገባው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በአቃቂ የተሠራው ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ከምረቃው በኋላ ዓመት ሳይሞላ የኢጣልያ ወረራ በአገሪቱ ላይ ባንዣበበ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ አቤቱታ ለውጭው ዓለም የተሰማው በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ በከተማዋ የነበሩ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ያዩትን ለየጋዜጦቻቸው አስተላለፉ። በመጋቢት ወር የማይጨው ጦርነት ሆነ። የወሎ ሕዝብ ሠራዊት ሲዘምትና ሲመለስ በዐይኑ እያየ፥ ስለ ራሱ ምድር የተነገረውን ግን የሰሙት በለንደንና በኒውዮርክ ያሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን በወሎ ገጠር የራዲዮ መቀበያ ከየት ይገኛል?

ጠላት አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ጣቢያው እንዲበላሽ ተደረገ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ሥራው እንደገና ተጀመረ። የራዲዮ መቀበያ በዚያን ጊዜ የባለጸጋ ዕቃ ስለ ነበረ በዋና ከተማዪቱ ሕዝብ የሚሰማው በአደባባይ በተሰቀሉ የድምፅ ማጕያዎች ዙሪያ ቆሞ ነበር። በነጋሪት ዘመን እንደ ነበረው ሁሉ ሰሚው ወደ ድምፁ ይሄድ ነበር እንጂ ድምፁ ወደ ሰሚው ቤት አይመጣም ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠው ትራንዚስተር ነው። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው የትራንዚስተር ራዲዮ በባትሪ የሚሠራና በእጅ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ መብራት ላልገባበት አገር የተሠራ ያህል ተስማማ። ዕቃው እየረከሰ ሲሄድ ከነጋዴው ሱቅ ወደ መምህሩ ቤት፥ ከመምህሩ ቤት ወደ ገበሬው ደጃፍ ደረሰ። አንድ ራዲዮ ያለው ሰው ለአንድ መንደር ይበቃ ነበር። ጎረቤት ማታ ተሰብስቦ ይሰማል፤ የሰማውም ላልሰማው ያሰማል።

ሞገዱ ደርሶ ነገሩ ሳይደርስ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኰንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸው አንዱ ራዲዮ ጣቢያውን መያዝ ነበር። በራዲዮ የመግለጫውን ቃል እንዲያነቡ የተደረጉትም በወሎ ገዥነታቸው የሚታወቁት አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ። ሙከራው ከሸፈ፤ ነገር ግን ራዲዮን የያዘ የመንግሥትን አፍ እንደ ያዘ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንም አልሳተውም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ድምፅ በረታ። በየካቲት 1955 ዓ.ም. የሉተራውያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኀይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ሥራ ጀመረ። በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭቱን ከፈተ። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል የተከፈተው ዘግይቶ በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ በወልድያ ወይም በመርሳ የሚኖር ሰው አጭር ሞገድ የሚይዝ ራዲዮ ካለው በአንድ ምሽት አዲስ አበባንም ኮሎኝንም ሊሰማ ይችል ነበር። የሞገድ እጦት አልነበረበትም።

ወሎ ግን በ1965 ዓ.ም. ተራበች። እህል ያለቀበት ሕዝብ ቤቱን እየዘጋ ወደ አውራ ጐዳናው ወጣ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን የሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኙ በረኃብተኛ ተሞላ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ አምጥተው አሳዩ። የአገሪቱ ራዲዮ ግን በዚህ ጊዜ ሌላ ሌላውን ይናገር ነበር። ነገሩ ለዓለም የተገለጠው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» የተባለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ነው። ይኸው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ታሪክ ወደ ገዛ አገሩ የተመለሰው ባሕር ተሻግሮ ነው።

ከዚህ ትምህርት ይገኛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሎ ነበርና፥ መንግሥት በእጁ ያለው የማሠራጫ ኀይል ከቀድሞው የበለጠ ሆኖ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ሥነ ሥርዓት ሲከበር የሰሜኑ ሕዝብ ዳግመኛ በረኃብ ያልቅ ነበር። በጥቅምት ወር ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያቀረበው ዜና ዓለምን አስለቀሰ። የማሠራጫ ጣቢያ ማነስ ለዝምታው ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ይህ ይመሰክራል። ሞገድ ወሎ ደርሶ ነበር፤ ወሎ ግን ሞገድ ላይ አልደረሰችም።

በዚህም ምክንያት ሰሚው አንድ ልማድ አወጣ። ስለ አገሩ እውነቱን ለማወቅ የራዲዮኑን መዘውር ወደ ሩቅ ጣቢያ ያዞር ጀመር። በጦርነቱ ዘመን ከመንግሥት ጋር የሚዋጉት ግንባሮች በአጭር ሞገድ ድምፃቸውን ሲያሰሙ እነርሱንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ጣቢያ ሲታወክ ወይም ሲጠፋ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መፈለግን፥ ያገኘውንም ቍጥር ለሚያምነው ጎረቤቱ በጆሮው መንገርን ለመደ። «ፍሪኩዌንሲ ተቀየረ» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደው እንዲህ ባለው ዘመን ነው።

ከሩቅ ወደ ቅርብ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የራዲዮ ሥራ መልኩን እየለወጠ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. ራዲዮ ፋና ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት በባሕር ዳር «በኵር» የተባለው የአማራ ክልል ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ራዲዮ ተከተለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት ዐዋጅ ቍጥር 178 ከመንግሥት ውጭ ያለ ሰው የራዲዮ ጣቢያ ሊያቋቁም እንደሚችል ፈቀደ። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በዋና ከተማዪቱ ተከፈተ፤ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያም ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የግል ጣቢያዎችን መንገድ ከጀመሩት አንዱ ሆነ። በመካከሉ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 533 ጣቢያዎችን የሕዝብ፥ የንግድና የማኅበረሰብ ብሎ በሦስት ለያቸው። በ2013 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 1238 ተተካ።

ኤፍ ኤም ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ ባሕር ዳር 96.9ን፥ ደሴ 87.9ን ያዙ። ይህ ለውጥ በቍጥር ብቻ የሚታይ አይደለም። የአጭር ሞገድ ራዲዮ ከዓለም ጫፍ ወደ መንደር ይናገር ነበር፤ የኤፍ ኤም ራዲዮ ግን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይናገራል። የገበያ ዋጋ፥ የተዘጋ መንገድ፥ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ፥ የአንበጣ ወይም የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፥ የአካባቢው ዘፈንና ጨዋታ ስፍራ ያገኙት በዚህ ነው። ቀደም ብለን የጠቀስነው ሁለተኛው መድረስ፥ ማለትም የሰሚው ጕዳይ ከሞገድ ላይ መውጣቱ፥ ተስፋው የታየው ያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን የሩቁ ድምፅ በቀላሉ ይደርስ በነበረበት በሰሜን ወሎ የቅርቡ ድምፅ መድረስ ተቸገረ። ምክንያቱን ለመረዳት የምድሩንና የሞገዱን ጠባይ አንድ ላይ መመልከት ያስፈልጋል።

ተራራውና ሞገዱ

አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ በከፍተኛው አየር ውስጥ ካለው አዮኖስፌር ከሚባለው ንጣፍ ላይ ይነጥርና ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ተሻግሮ ወደ ምድር ይመለሳል። ከላይ ስለሚወርድ ተራራ ብዙ አያግደውም፤ ነገር ግን ይዋዥቃል፥ ያፏጫል፥ ከሌላ ጣቢያ ጋር ይደባለቃል። መካከለኛ ሞገድ ቀን በቀን ምድርን ታክኮ ይሄዳል፤ ሲመሽ ርቀቱ ይጨምራል። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክፍል የሚሠራው ኤፍ ኤም ግን ድምፁ የጠራ ሆኖ ሳለ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። ማሠራጫው ከተተከለበት ስፍራ የማይታይ ሸለቆ፥ ጥላ እንዳረፈበት መሬት ይቈጠራል።

የመሐንዲሶችን ስሌት በአጭሩ ብንገልጽ፥ ከሜዳ 100 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ አንቴና የሚያየው የራዲዮ አድማስ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱን ሁለት እጥፍ ለማድረግ ከፍታው አራት እጥፍ ይኸውም 400 ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ለኤፍ ኤም ጣቢያ ከማሠራጫው ጕልበት ይልቅ የቆመበት ተራራ ይጠቅመዋል። ያው ተራራ ግን በስተፊቱ ላለው ሲጠቅም ከኋላው ላለው ግንብ ይሆናል።

አሁን ምድሩን እንመልከት። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከደሴ በመንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አሞራ በሚበርበት መሥመር ቢለካ ከደሴ ያላት ርቀት 80 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን የአምባሰል ተራራዎች በመካከል ይቆማሉ። ከተማዋ ራሷ በኰረብታዎች የተከበበች ናት፤ ከእርስዋ ወደ ምዕራብ መንገዱ በድልብ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። የሀብሩ ወረዳ በስተ ደቡብ በሚሌ ወንዝ፥ በስተ ሰሜን በአላውኃ ወንዝ ይወሰናል፤ በምዕራብ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ይዋሰናል፤ በምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ ይከፈታል። ዋና ከተማው መርሳ፥ እንዲሁም ውርጌሳና ግራና፥ የእርሻ ምርምር ማእከል ያለባት ስሪንቃም በዚህ ወረዳ ይገኛሉ። በአንድ ወረዳ ውስጥ ወንዝ የወረደበት ጥልቅ ስፍራ፥ ደረት የመሰለ ዳገትና ገላጣ ሜዳ አሉ። ስለዚህ በመርሳ ገበያ የሚሰማ ጣቢያ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ ሊጠፋ፥ ከዚያ ርቆ ባለ ኰረብታ ላይ ደግሞ ከመርሳ ይልቅ ጠርቶ ሊሰማ ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ እንጂ የጣቢያው ስንፍና ወይም አድልዎ አይደለም።

መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ከዋናው ጣቢያ የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ሌላው ሸለቆ የሚያቀብል ተቀባይ ማሠራጫ በየተራራው ይተከላል። ተቀባዩ ማሠራጫ ብዙ ጊዜ ከዋናው የተለየ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ሁለቱ በአንድ ቍጥር ቢሠሩ ሞገዳቸው በሚገናኝበት ስፍራ እርስ በርሳቸው ሊረባበሹ ይችላሉና። ስለዚህ አንድ ጣቢያ በሁለት ከተማ ሁለት ቍጥር ይኖረዋል። ይህን ያልተነገረው መንገደኛ በአንደኛው ከተማ የለመደውን ቍጥር በሌላው ቢያጣው «ተቀይሯል» ቢል ምን ያስደንቃል?

«ሞገዱ ተቀየረ» የሚለው ወሬ

የሞገድ ቍጥር ጣቢያው በወደደ ጊዜ የሚለውጠው ነገር አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በጄኔቫ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት አፍሪቃንም ጨምሮ የኤፍ ኤምን ክፍል በ100 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ሸንሽኖ ደልድሎታል፤ በዚህ አከፋፈል በመላው ክፍል የሚገኙት ቦታዎች ሁለት መቶ ያህል ብቻ ናቸው። የማሠራጫ ፈቃድ በአገራችን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለ ሥልጣን ነው። የባሕር ዳሩ 96.9 እና የአዲስ አበባው 97.1 በቍጥር እጅግ ተቀራርበው ሳይጋጩ የሚሠሩት በመካከላቸው ባለው ርቀትና ከፍታ ምክንያት ነው። ከዚህም የምንረዳው ለደሴ፥ ለወልድያ ወይም ለመርሳ ቍጥር የሚሰጥ ሰው የጎረቤቶቹን ሁሉ ቍጥር አብሮ ማመዛዘን እንዳለበት ነው።

ታዲያ ቍጥሩ ሳይለወጥ ጣቢያ የሚጠፋው ስለ ምንድር ነው? አንደኛ፥ ተቀባዩ ማሠራጫ ባለበት ተራራ ላይ መብራት ሲጠፋ ወይም የመጠባበቂያው ሞተር ነዳጅ ሲያልቅ ድምፁ ይቋረጣል። ሁለተኛ፥ ማሠራጫው ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ በተቀነሰ ጕልበት ይሠራል፤ ያን ጊዜ ከተማው ይሰማል፥ ገጠሩ ያጣል። ሦስተኛ፥ በቆላ ሜዳ ላይ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው አየር ላይ ሲደረብ ሞገድ ከልማዱ በላይ ይጓዛል፤ በዚህ ምክንያት የሩቅ ጣቢያ መጥቶ የቅርቡን ሊሸፍን ይችላል። አራተኛው ደግሞ ከሰሚው እጅ ያለ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ራዲዮ የሚሰማው በተንቀሳቃሽ ስልክ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ አንቴና የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ከተነቀለ ጣቢያው የጠፋ ይመስላል። አጭር ሞገድን ግን ስልክ ጨርሶ አይዝም፤ ስለዚህ ቀድሞ በአባቱ ራዲዮ የሩቁን ይሰማ የነበረው ልጅ በዛሬው ዕቃ የቅርቡን ካጣ ሁለቱንም አጣ ማለት ነው።

ይህን ስንል ሕዝቡ በከንቱ ይጠራጠራል ማለታችን አይደለም። ሞገድ በእውነት የተለወጠባቸውና የታወከባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት ለማወክ አሳብ እንዳለ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግረው ነበር። የውጭ ጣቢያዎችም መታወክ ሲገጥማቸው ቍጥር እየጨመሩና እየለወጡ አድማጮቻቸውን ያስከትሉ ነበር። በቴሌቪዥን በኩልም ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ባለ ዲሹ ሁሉ ሳህኑን አዙሮ ቍጥር መፈለግ ግድ ሆኖበት እንደ ነበረ የቅርብ ትዝታ ነው። የዛሬው አድማጭ ጣቢያ በጠፋ ቍጥር ተቀየረ ብሎ ቢገምት ካሳለፈው ተምሮ ነው።

ከመርሳ በስተ ደቡብ ያለችው ውጫሌ በዚህ ረገድ የምታስተምረን አለ። በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በአማርኛው አንድ ነገር፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ነገር ብሎ በመገኘቱ አገር ወደ ጦርነት ሄደ። ከተናጋሪው ወደ ሰሚው ሲሄድ በመንገድ ላይ የተለወጠ ቃል የሚያስከትለውን ዕዳ የወሎ ምድር ከሁሉ ቀድማ ታውቀዋለች።

ዝምታ ሲረዝም

ነገሩ የጨዋታና የዘፈን ጕዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ መብራት፥ ስልክና ባንክ ተቋርጠው ነበር። በየቤቱ የቀረው ሰው ልጁ በየት እንዳለ፥ መንገዱ የቱ እንደ ተከፈተ፥ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅበት መንገድ ጠፋው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣም የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ። እንዲህ ባለው ጊዜ መብራት የማይጠይቅ፥ ካርድ የማያስሞላ፥ በሁለት ባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያየ ያውቀዋል። በዚያው ልክ፥ ከራዲዮው የሚወጣው እሽሽታ ብቻ ሲሆን የሚሰማውን ጭንቀት ያየ ያውቀዋል። ሰው በሰላም ቀን «ፍሪኩዌንሲ ተቀየረ» ይላል፤ በጦርነት ቀን ግን የዚያው ጣቢያ መጥፋት «ከተማዪቱ ተያዘች» ወደሚል ወሬ ይለወጣል። በዚህ ወሬ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ይኖራል።

ስለዚህ ከታሪኩ የምናገኘውን ምክር በአጭሩ እናቀርባለን። ጣቢያ የሞገድ ቍጥሩን የሚለውጥ ከሆነ አስቀድሞ፥ በአሮጌው ቍጥር ላይ፥ ደጋግሞ ይናገር፤ በአዲሱ ቍጥር ላይ ከጀመረ በኋላ መናገር የጠፋውን ሰው አይመልሰውም። ለጥገና የሚቋረጥ ከሆነ ቀኑንና ሰዓቱን ያስታውቅ። የማይደርስባቸውን ቀበሌዎች ደብቆ «መላውን ዞን እንሸፍናለን» ከማለት የሚደርስበትንና የማይደርስበትን በካርታ አውጥቶ ማሳየት ይሻለዋል፤ ጥላ ያረፈበት ሸለቆ ከታወቀ ተቀባይ ማሠራጫ የት እንደሚተከል ይታወቃልና። ይህን ለማጣራት ከየትምህርት ቤቱ የተሻለ ረዳት አይገኝም። በሀብሩ ቆላም ሆነ በጉባ ላፍቶ ደጋ ያለ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በየሰፈሩ የሚሰማውንና የማይሰማውን ቢመዘግብ፥ ለተማሪው የፊዚክስ ትምህርት፥ ለመሐንዲሱ መረጃ ይሆናል። ማስታወቂያውም በራዲዮ ብቻ አይቅር፤ ራዲዮው ያልደረሰው ሰው በራዲዮ የተነገረውን አይሰማምና በገበያ፥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍም ይነገር።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለተኛው መድረስ አይዘንጋ። በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. የወሎ ሰው ያጣው የራዲዮ ሞገድ አልነበረም፤ ያጣው ስለ እርሱ የሚናገር አንደበት ነው። በየተራራው ማሠራጫ ቢተከል፥ ማሠራጫውም የመርሳን ገበሬ ችግር የማያወሳ ቢሆን፥ ያው አድማጭ መዘውሩን ወደ ሩቅ ማዞሩ አይቀርም። ችግሩን በሰዓቱ ያወሳለት ጣቢያ ግን አንድ ቀን ድምፁ ቢጠፋ አድማጩ ተሎ ወሬ አይነዛበትም፤ ይመለሳል ብሎ ይጠብቀዋል።

ጥንት ዐዋጅ ነጋሪው ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ ያውቅ ነበርና የቀረውን ለሰሚው ዐደራ ይል ነበር። የዛሬዎቹም ጣቢያዎች ድምፃቸው የሚቆምበትን ስፍራ ዐውቀው ለሕዝብ ቢናገሩ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ ያለው ሰው የጎደለውን ራሱ ይሞላል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ።